በኮሮና ጊዜ በስልክ ላገዘችን ባለሙያ ምስጋና (እና ጥቆማ)

ዘግይቷል፣ ግን ይሁን። በኮሮና ጊዜ ድሬዳዋ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ስንሠራ ያገዘችንን የሥነ ልቦና ባለሙያ ላመሰግን ነው። ስሜን እንዳታነሳ ስላለችኝ አላነሳውም።

2012ን ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ከጅቡቲ የሚመለሱ ወገኖቻችን በድሬ በኩል ይገቡ ጀመር። እኛ ደግሞ ጉልበታችንን የያዘን ቺኩንጉንያ የሚባለው የትንኝ በሽታ ገና በቅጡ አልለቀቀንም። በዚያ ሙቀት የፕላስቲክ ቱታ ለብሶ መዋል ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። የባሰው ግን ወደ ቤት መግባቱ ነበር። አከራዬ «ልጆች አሉኝ» ብለው በጨዋ ደንብ አስወጡኝ። ቡና ጠጣ የሚለኝ ጎረቤትም ጠፋ።

እሷ አዲስ አበባ ሆና ነው የምትደውለው። በስልክ ምን ሊረዳኝ ብዬ ነበር። አይዞህ ለማለት ከሆነ እናቴም ትለኛለች። እሷ ግን ስንት ሰዓት እንደምተኛ ጠየቀችኝ። ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ስለ ጫቱም ጠየቀች፣ ሳትቆጣ። አዳር ለመንቃት የምቅመው ቀን እንቅልፍ እየነሳኝ መሆኑን ራሴ እስክናገረው ጠበቀች። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየዕለቱ የሚያወጡትን የታማሚዎች ቁጥር አንዴ ብቻ እንዳይ፣ ከመኝታ በፊት ግን እንዳልነካው መከረችኝ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔን ግን አስተኝቶኛል። (የድሬ ልጅ አንቱ አይወጣለትምና በመጀመሪያው ቀን «አንቺ» አልኳት። ሳቀች።)

ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የቴሌግራሙ ጥሪ ቀረ። በራሷ ካርድ በመደበኛ ስልክ እየደወለች ቀጠለች።

ከሁሉም የወደድኩላት ልኳን ማወቋን ነው። አንድ ባልደረባችን መኖር አስጠላኝ ሲላት፣ ይሄ በስልክ ብቻ የሚያዝ አይደለም ብላ በዚያው ቀን የሥነ አእምሮ ሐኪም በአካል እንዲያየው አደረገች። ሐኪሙ ጋ እስኪደርስ ስልኩን አልዘጋችም። ይህን የማውቀው እሱ ራሱ ስለነገረን ነው፤ ከእሷ አፍ የማንም ወሬ ወጥቶ አያውቅም። ጽዳት ሠራተኞቹንና የአምቡላንስ ሹፌሮቹንም ታናግር ነበር። እነሱን ማን ያስታውሳል?

አሁንም በስልክ ትሠራለች፤ ዛሬ ግን በክፍያ ነው። አማርኛና ኦሮምኛ ትችላለች። ሶማሊኛ አትችልም፣ ለድሬ ይሄ ጉድለት ነው። ቀጠሮዋ ማታ ማታ ሲሆን አዳር ለሚሠራ ሰው ቀን ታመቻቻለች። ነርስ፣ አዋላጅ፣ ላብራቶሪ፣ ማንም ሁኑ፣ ቁጥሯን ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።