ሚኒሶታ ያላችሁ የፒካፕ ባለቤቶች፦ የዛገ ሻንሲ ላይ ጥቁር የጎማ ቅብ አታስረጩ

ወገኖች፣ ንዴቱ ገና ስላልወጣልኝ ቃላት ባልመርጥ አትቀየሙኝ።

ጸረ ዝገት የሚቀባውን ጋራዥ ዓይነት ታውቁታላችሁ። በረዶው ከመጀመሩ በፊት «የዕድሜ ልክ ዋስትና ያለው ጸረ ዝገት» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። ጠዋት ታስረክባላችሁ፣ ከሰዓት ትረከባላችሁ። በረጩበት ጎማ መሰል ቅብ መኪናው ከስሩ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፣ እናንተም 900 ዶላር ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። እኔ ያስገባሁት የ2009 ቶዮታ ታኮማ ፒካፕ ነው። በረዶው አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ከኋላ ባሌስትራው በኩል መንኳኳት ጀመረና ወደዚያው ቤት ተመለሰ።

ሊፍት ላይ ወጣ። ሠራተኛው በመፋቂያ የጥቁሩን ጎማ ጠርዝ ገና ነካ ሲያደርገው የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገንጥሎ ወደቀ። ከኋላው ቡናማ ውኃ ጠብ ጠብ አለ። ውጭው ደረቅ ነው፣ ጎማው ስር ግን ብረቱ እርጥብ ነበር፤ ዝገቱም በንብርብር ተላጦ ከጎማው ጋር አብሮ መጣ። ቦታው ሻንሲው ከኋላ አክሱ በላይ ከሚጎብጥበት ፊት፣ የባሌስትራው የፊት መያዣ ጋ ነው። ልጁ ካቻቢቴውን በሁለት ጣቱ ገፋ ቢያደርገው እስከ እጀታው ገባ። ፊቱን አዞረና አለቃውን ጠራ።

አለቃው መኪናው ስር እንኳ አልገባም። ቡናውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ «ጨው ነው» አለ። የቀባችሁት ለጨው አይደለም ወይ ስለው፣ እንግሊዝኛ ለማይሰማ ሰው እንደሚነገረው ድምፁን ከፍ፣ አነጋገሩን ዝግ አድርጎ ቃል በቃል ደገመው። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ ከጀርባው ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣቱ አሳየ፦ ከመቀባቱ በፊት የነበረ ዝገት በዋስትናው አይሸፈንም። የዚያው ወረቀት ፊት ላይ ግን መኪናውን ሲረከቡ በራሳቸው እጅ «ሻንሲ ደህና» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ አንዱ ውሸት ነው ስለው መልሱ ምን ነበር መሰላችሁ? «ለቆየ ደንበኛ 10 በመቶ ቅናሽ አለን፤ እንደገና ይቀባልህ?» ልጁ ወለል ላይ የወደቀውን ዝገት መጥረግ ጀምሮ ነበር።

የሠሩትን ክፋት በደንብ እንድትረዱት ልዘርዝረው። እዚህ መንገድ ላይ የሚፈሰው ተራ ጨው ብቻ አይደለም። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ (15 ፋረንሃይት) አካባቢ ሲደርስ ሶዲየም ክሎራይድ የማቅለጥ ኃይሉ ስለሚደክም ማግኒዥየም ክሎራይድና ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመራል። እነዚህ ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳቡ ብረቱ እንዳይደርቅ ያደርጋሉ። ጥቁሩ ጎማ በንጹሕ፣ በደረቀና ባልዛገ ብረት ላይ ከሆነ ሥራውን ይሠራል። በዛገው ላይ ሲረጭ ግን የሚይዘው ዝገቱን ነው፤ ዝገቱ ከብረቱ ሲላቀቅ ጎማውም አብሮ ይላቀቃል። ጠጠር በመታው ቦታ ይሰነጠቃል፣ ጨዋማው ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ከጎማው ጀርባ ይሰራጫል፣ መውጫም አያገኝም። እናንተ ከታች ስታዩት ጥቁርና ለስላሳ ነው። ጭራሽ ያልተቀባ ሻንሲ ቢያንስ መበላቱ በዓይን ይታያል።

የባሰው ደግሞ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በጎማው ደፍነዋቸዋል። የዚህ ታኮማ ሻንሲ ከፊት በኩል እንደ አራት ማዕዘን ቱቦ የተዘጋ ነው፤ ከካሶኒው ስር ደግሞ አንድ ጎኑ ክፍት ነው። የተዘጋው ክፍል ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ስለዚህ ውጩን ብቻ መቀባት፣ ቀዳዳውንም መድፈን፣ ውኃውን ውስጥ ቆልፎ እንደማስቀመጥ ነው። የፍሬን ቱቦዎቹን ከነመያዣቸው ሸፍነውባቸዋል፤ ቱቦ ደግሞ የሚበሰብሰው በትክክል መያዣው የሚነካው ቦታ ላይ ነው፤ አሁን ማንም ሊያየው አይችልም። ይሄ የሰው ነፍስ ነው!

ሥራው በግማሽ ቀን የሚያልቅ አይደለም። መጀመሪያ ስሩ በሞቀ ውኃ በግፊት ይታጠባል፤ በተለይ ከነዳጅ ታንከሩ በላይና ባሌስትራው መያዣ ላይ የሚጋገረው ጭቃ መውጣት አለበት። ከዚያ ሞቅ ባለ ቤት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይደርቃል። የላላው ዝገት በመዶሻና በሽቦ ብሩሽ ይራገፋል፣ የቀረው ላይ ዝገት የሚለውጥ አሲድ ይቀባል። ከዚያ በኋላ የሚረጨው የማይደርቅ ነገር ነው፤ ከበግ ሱፍ የሚወጣው ላኖሊን ወይም ሰም ያለበት ዘይት። ይህ ሳይደርቅ ስለሚቆይ ወደ ስንጥቁ እየሳበ ይገባል፣ ሲጫርም መልሶ ይሸፍናል። ለተዘጋው ክፍል በቀዳዳዎቹ ቀጭን ቱቦ ተሰዶ ዙሪያውን በሚረጭ አፍንጫ ውስጡ ይለበሳል። ለአንድ ፒካፕ አንድ ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ጥቂት ቀን ያንጠባጥባል፣ በየዓመቱም ይደገማል። «አንዴ ተቀብቶ ለዕድሜ ልክ» የሚባል ነገር የለም፤ የሚላችሁ ሰው ሊሸጥላችሁ የፈለገው ወረቀቱን ነው። የፍሬን ዲስክና ሸራ፣ ጭስ ማውጫ፣ የጎማ ቡሽና ቺንጋ ላይ ግን አይነካ።

አገር ቤት ላቫጆ ውስጥ ከስር ናፍጣ ያስረጩ የነበሩ ወንድሞች እዚህም ያንኑ ሲመክሩ እሰማለሁ። ናፍጣ ብዙ አይቆይም፣ የመኪናውን የጎማ ክፍሎች ያበላሻል፣ ይሄን ጨው አይችለውም። የተቃጠለ ዘይት መርጨትማ በረዶው ሲቀልጥ ወደ ወንዝና ሐይቅ ነው የሚሄደው፤ በሕግም ያስጠይቃል።

ያገለገለ ፒካፕ የምትገዙ፣ ስሩ አዲስ ጥቁር ቀለም ከለበሰ ተጠራጠሩ። በትንሽ መዶሻ ሻንሲውን ከዳር እስከ ዳር ነካ ነካ አድርጉት፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የተበላው ድብን ያለ ድምፅ ያወጣል። ታኮማ ከሆነ ደግሞ ቶዮታ በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በተደረሰ የፍርድ ቤት ስምምነት ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩ ታኮማዎችን፣ የ2007 እና 2008 ቱንድራንና ከ2005 እስከ 2008 ያለውን ሴኮያ ሻንሲ መርምሮ የተበሳውን በነጻ ይቀይር ነበር። የሽፋኑ ጊዜ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት 12 ዓመት ስለነበረ አልፏል፤ ግን የሻንሲ ቁጥሩን ለቶዮታ አከፋፋይ ሰጥታችሁ ተቀይሮለት እንደሆነ ጠይቁ። የተቀየረለት መኪና ዋጋው ሌላ ነው።

እንደኔ የተበላችሁ ካላችሁ መኪናውን ከማስጠገናችሁ በፊት ጎማው የተላጠበትን ቦታና ቀዳዳውን ከሜትር ጋር ፎቶ አንሱ፣ የወደቀውን ቁራጭ በላስቲክ አስቀምጡ፣ ወረቀቱን ከፊትም ከኋላም ኮፒ አድርጉ። በካርድ የከፈላችሁ ወዲያውኑ ባንካችሁ ጋ ክርክር ክፈቱ። ለክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ቢሮ አቤቱታ ይቀርባል፤ ኮንሲሊየሽን ኮርት (አነስተኛ የገንዘብ ክሶችን የሚያይ ፍርድ ቤት) ደግሞ እስከ 20,000 ዶላር ያለ ጠበቃ ያያል፤ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁም ክሱን ስታስገቡ ጠይቁ።