የተጎዳ ቸርኬ በለውጥ ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ?

የመኪናዬን የብረት ቸርኬዎች በአሉሚኒየም ልለውጥ ፈልጌ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። የአንዱ ሲታዩ ያሳዝናሉ፤ ጠርዛቸው ከእግረኛ መንገድ ጋር ተፋፍቆ ነጭ ሆኗል። የሌላው አዲስ ቀለም ተቀብተው ያብረቀርቃሉ። ልቤ ወደሚያብረቀርቁት ሄደ። ደግነቱ ገልብጬ አየኋቸው። በአንዱ የውስጥ ገጽ ላይ የጣት ርዝመት ያለው የብየዳ መስመር ከቀለሙ ሥር አብጦ ተቀምጧል። ዓይኔ አልፎት ነበር፣ ጥፍሬ ነው ያገኘው። የተፋፋቁትን ወሰድኩ።

ስለዚህ ጭረትን ከሌላው ጉዳት ጋር አንድ ላይ አትቁጠሩት። ከላይ ያለ ጭረት ያስጠላል እንጂ ቸርኬውን አያደክምም። በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ቀለም ይቀባል፣ አለቀ። እንዲያውም ያልተቀባ ቸርኬ ይሻለኛል፤ የሚደብቀው ነገር የለም።

መታጠፍ ላይ ግን ብረትና አሉሚኒየም ይለያያሉ። ብረት ሲመታ ይታጠፋል፣ ጎሚስታውም በመዶሻ መልሶ ያቃናዋል። አሉሚኒየም ትንሽ ከታጠፈ በባለሙያ እጅ ይቃናል፤ ብዙ ከታጠፈ ግን ሲቃና ሊሰነጠቅ ይችላል። እዚህ ላይ ሻጩ «ባላንስ ሲሠራ ይስተካከላል» ካላችሁ አትመኑት። ባላንስ ሲሠራ ጠርዙ ላይ የሚለጠፈው የእርሳስ ክብደት የሚያስተካክለው የክብደት መዛባትን ነው፣ ቅርጽን አይደለም። ጎማው ይውለቅና ቸርኬው ባላንስ ማሽኑ ላይ ይሽከርከር። ጠመኔ ሳይነካው ወደ ጠርዙ አስጠግታችሁ ያዙ። በጠመኔውና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋና ሲጠብ ካያችሁ ታጥፏል። ይህን ሳታዩ ከተቀበላችሁ፣ ፍጥነት ስትጨምሩ መሪው እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ስንጥቅ ያለውን በምርቃትም ቢሆን አልቀበልም። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በውስጥ በኩል ነው፤ ያኛው ጠርዝ ከቸርኬው እጆች (ከመሃል ወደ ጠርዝ ከሚዘረጉት) ስለሚርቅ ጉድጓድ ሲመታው የሚደግፈው የለም። ባዶውን ቸርኬ አንጠልጥላችሁ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ሊታፈን ይችላል። ጎማው ላዩ ላይ ከሆነ ደግሞ ንፉትና የሳሙና ውኃ ቀቡት፤ ከቸርኬው አረፋ ከወጣ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጎማው የሚቀመጥበት ጠርዝ ዝጎ ይሆናል። ዝገት ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል።

የተበየደውስ? ብዙ ሰው «ተሠርቷል እኮ» ብሎ ከስንጥቅ የተሻለ ያደርገዋል። እኔ እኩል ነው የማያቸው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልዩ የሙቀት ሕክምና ሲሆን፣ የብየዳው እሳት ዙሪያውን መልሶ ያለሰልሰዋል። አዲሱ ስንጥቅ ከብየዳው ጎን ሊነሳ ይችላል። ብየዳው እጁ ላይ ወይም የቡሎን ቀዳዳ አጠገብ ከሆነ ጭራሽ መነጋገርም አያስፈልግም።

ደህና ሆኖ ልክ ካልሆነም ዋጋ የለውም። 5 በ112 እና 5 በ114.3 የሆኑ ቸርኬዎች (አምስት የቡሎን ቀዳዳ፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት በሚሊሜትር) በዓይን አይለዩም፤ ቡሎኑም በግድ ሊገባ ይችላል፣ ግን ተጣሞ ይቀመጣል፣ በኋላም ይላላል። ከጀርባው «ET» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ቀጥሎ ያለውን ቁጥር፣ ማለትም ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚገባና እንደሚወጣ የሚለካውን፣ ከራሳችሁ ቸርኬ ጋር አስተያዩ። ብዙ ከተለያየ ጎማው በውስጥ በኩል ካሉት ክፍሎች ወይ ከመከለያው ጋር ሊነካካ ይችላል። ከጎማ ጋር ከመጣ ደግሞ የጎማውን ዕድሜ እዩ፤ 2319 የሚል ቁጥር በ2019 እንደ ፈረንጆቹ በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው።

አንድ ሂሳብ ደግሞ አለ። ከአራቱ አንዱ ከተሰነጠቀ የተቀበላችሁት ሦስት ቸርኬ ነው፤ አራተኛውን አምሳያ ፍለጋ መዞሩ የእናንተ ነው። ጭማሪ የምትከፍሉት ወይም የምትጠይቁት በሦስት አስባችሁ ይሁን። የራሳችሁን ከመኪናው ሳታወርዱ በፊት ከባለቤቱ ጋር ጎሚስታ ቤት ሂዱ፣ ጎማ አስወልቁ፣ አንድ በአንድ አሽከርክሩ። ጎማ ማስወለቁን እንቢ ካለ ያኔውኑ ተሰነባበቱ።