ድራም ማሽንን ከኮምፒውተር ጋር ለማስማማት፦ ርካሹ ገመድ ወይስ ሚዲ ያለው ሳውንድ ካርድ?

ድራም ማሽን (ከበሮ የሚመታ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ) ይዞ ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ መቅዳት የጀመረ ወዳጅ ሁሉ ቆይቶ አንድ ጥያቄ ያነሳል። «ድራም ማሽኔ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ አልሄድ አለኝ፤ የቱን ገመድ ልግዛ?» መልሴ አይለወጥም። ሳውንድ ካርድ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መቅጃ ሳጥን) ገና ካልገዛችሁ የሚዲ (የሙዚቃ ዕቃዎች ትእዛዝ የሚለዋወጡበት መስመር) መግቢያና መውጫ ያለውን ግዙ። ገመዱን ተዉት።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ማሽኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ ስም የሌለው የዩኤስቢ ሚዲ ገመድ ኦንላይን ከ10 ዶላር በታች ይገኛል። የሮላንድ ኩባንያ ዩኤም ዋን የሚባለው ገመድ ወደ 50 ዶላር ይጠጋል። ቤሪንገር ዩኤምሲ 202ኤችዲ የሚባለው ሳውንድ ካርድ ሚዲ የለውም፤ 204ኤችዲ ግን አለው። የሁለቱ ካርዶች የዋጋ ልዩነት እንደየሱቁ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዶላር ነው። እንግዲህ 202 ገዝቶ ዩኤም ዋን የሚጨምር ሰው 204 ከገዛው በላይ ይከፍላል። ርካሹን ገመድ የሚጨምረው ደግሞ ቢያተርፍ አስር ሃያ ዶላር ነው።

ያቺ አስር ሃያ ዶላር ጣጣ አላት። ድራም ማሽኑ ቴምፖውን (የዘፈኑን ፍጥነት) የሚከተለው ኮምፒውተሩ በሚልክለት ሚዲ ክሎክ (የጊዜ ምልክት) ነው። ለአንድ ሩብ ኖታ 24 የክሎክ ምት ይላካል። ቴምፖው በደቂቃ 120 ሩብ ኖታ ከሆነ በሰከንድ 48 ማለት ነው። ገመዱ ምቶቹን ካዘገየ ከበሮው ይንገዳገዳል። ከጣላቸው ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ አይታወቅም፤ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ከበሮውና ቤዙ ተለያይተዋል።

አንድ ጓደኛዬ የገዛውን ገመድ ፈትተን አየነው። በሚዲ ደንብ መሠረት መግቢያው ላይ ኦፕቶካፕለር የምትባል ትንሽ ክፍል መኖር አለባት። ምልክቱን በብርሃን ታሳልፋለች፤ ሁለቱ ዕቃዎች በኤሌክትሪክ አይነካኩም። ገመዱ ውስጥ ግን የለችም። በሬዚስተር ተክተዋታል። እንዲህ ሲሆን የላፕቶፑ ጉርምርምታ ቀረጻው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ማሠራትም አያዋጣም፤ የእጅ ዋጋው ከገመዱ ይበልጣል።

ገመዱ ላይ ያለው ጽሑፍም ያሳስታል። ገመዱ ላይ «አውት» የተባለው ጫፍ የሚሰካው ድራም ማሽኑ «ኢን» ላይ ነው። አንዳንዱ ኮፒ ደግሞ ተገልብጦ ተጽፎበታል። ስለዚህ ተበላሸ ብላችሁ ሳትጥሉት ጫፎቹን አቀያይራችሁ ሞክሩ።

ካርድ አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ሚዲ ከሌለው፣ ዩኤም ዋንን ግዙ። ጎኑ ላይ ትንሽ ማብሪያ አለች። ለኮምፒውተር «ኮምፕ» ላይ መሆን አለባት፤ «ታብ» ለታብሌት ነው። እንደ ሮላንድ ቲአር 8ኤስ ያለ ማሽን ያለው ሰው ምንም አይግዛ፤ በአንድ ዩኤስቢ ክሎኩም ድምፁም ያልፋል። የማሽኑ ዋጋ ግን የብዙዎቻችንን አቅም ያልፋል።

ችክችካ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሶፍትዌር 6/8 ላይም ቢሆን ቴምፖ የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ነው። ማሽኑ በ16 ስቴፕ (የአንድ ዙር እኩል ክፍልፋይ) ከሄደ ክሎኩ ልክ ሆኖም ምቱ ይጋጫል። ወደ 12 አውርዱት፤ የ6/8 አንድ ዙር ልኩ ያ ነው። ኮርግ ቮልካ ቢትስ የሚባለው ድራም ማሽን ላይ «አክቲቭ ስቴፕ» የሚባለው ለዚህ ይረዳል። ይህን ሳያዩ ገመድ የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ያሳዝናል።

ያገለገለ አሌሲስ ኤስአር 16 ድራም ማሽን የሚገዛ ሰው ደግሞ ከሁሉም በፊት አዳፕተሩን ይመልከት። ማሽኑ ጥሩ ነው። ዩኤስቢ ስለሌለው ከ204ኤችዲ ጋር በተራ ሚዲ ገመድ ይገናኛል። የሚፈልገው ግን 9 ቮልት ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) የሚያወጣ አዳፕተር ነው፤ ገበያ ላይ በብዛት ያለው ዲሲ (ቀጥተኛ) ነው። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ከሆነ አዳፕተሩ 120 ቮልት ብቻ ሊል ይችላል። እኛ ቤት 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ሻጩ ፊት ሰክታችሁ፣ ድምፁን ሰምታችሁ፣ ከዚያ ክፈሉ።