የቦድሚንን አውሬ ፍለጋ የገዛሁት ካሜራ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ

ትሬይል ካሜራ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡት። ግንድ ላይ ታስሮ የሚቀመጥ፣ እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ነው። የእኔን በ70 ፓውንድ ገዛሁት። የገዛሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለቦድሚን አውሬ።

ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የምትኖሩ ወሬውን ሳትሰሙ አትቀሩም። ቦድሚን ሙር ኮርንዎል ውስጥ ያለ ሰፊ ገላጣ መሬት ነው። ዛፍ እምብዛም የለውም፤ ድንጋይ፣ ሳር፣ በግ፣ ጭጋግ ነው። እዚያ ለአስርት ዓመታት ሰዎች ትልቅ ውሻ የሚያክል፣ ጅራቱ የረዘመ ጥቁር ድመት አየን ይላሉ። ተቦጫጭቆ የተገኘ በግ ሁሉ በእሱ ይመካኛል። እኔ ፕሊመዝ ነኝ፤ በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም። የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰቦች እዚያው በግ ያረባሉ። አባቱ ሻይ እየጠጣን «በዓይኔ ነው ያየሁት» አሉኝ። ወሬ የሚያበዙ ሰው አይደሉም። እኔም ያደግኩት ነብር ሌሊት ፍየል ወስዶ ጠዋት ዱካውን በምናይበት ቀዬ ስለሆነ፣ ገበሬ አየሁ ሲለኝ አልስቅም። ግን ማየት ፈለግኩ። መሬታቸው ላይ ካሜራ ባስቀምጥ ደስ ይላቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ እሺ አሉ።

ወደ ካሜራው ልምጣ። ፊቱ ላይ ሙቀት የሚለይ መሣሪያ አለው። ሞቃት ገላ ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ይነቃና ያነሳል። ቀን በቀለም፣ ሌሊት በኢንፍራሬድ (ለዓይን እምብዛም በማይታይ ብርሃን)፣ ጥቁርና ነጭ። ስምንት ባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ ግን አልደከመም፣ ይህን አደንቃለሁ። ሌሊት ሲያነሳ ፊቱ ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ ብርሃን ይታያል። ቀበሮዎቹ ቀና ብለው አይተውታል፤ የሸሸ ግን አላየሁም። ምንም ብርሃን የማያሳይ ዓይነትም አለ፤ እሱ ግን ሌሊት ሩቅ አያይም።

የመጀመሪያው ሳምንት ከንቱ ነበር። ፀሐይ መውጫ ፊት ለፊት አስሬው፣ ፀሐይ የሞቀው ሳር በነፋስ በተወዛወዘ ቁጥር ሲያነሳ ከርሟል። ከስድስት መቶ በላይ የሳር ፎቶ! ወደ ሰሜን አዙሩት፣ ከፊቱ ያለውን ሳር እጨዱ፣ ከፍታው ከጉልበታችሁ አይብለጥ። መመሪያው ወረቀት ላይ ከዚህ አንዱም አልተጻፈም።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ካሜራው የእንስሳውን መጠን አይነግራችሁም። ባዶ ሜዳ ላይ የቆመ ጥቁር ነገር፣ አጠገቡ የሚያነጻጽሩት ነገር ከሌለ፣ ድመትም ሊሆን ይችላል ነብርም። የቦድሚን ክርክር ሁሉ እዚህ ላይ ነው የተያዘው። እ.ኤ.አ. በ1995 የእንግሊዝ ግብርና ሚኒስቴር ባለሙያዎች ልኮ ለስድስት ወር ያህል አስጠንቷል። ሰዎቹ ያደረጉት ነገር ቀላልና ብልህ ነው፤ ፎቶና ቪዲዮ የተነሳበት ቦታ ድረስ ሄደው መለኪያ እንጨት አቆሙ። አውሬ የተባለው አንዱ ቁመቱ ትከሻው ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። የቤት ድመት ማለት ነው። ሆኖም ሪፖርቱ አውሬ የለም ብሎ አልደመደመም፤ የተረጋገጠ ማስረጃ አላገኘንም ነው ያለው። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ሪፖርቱ በወጣ በቀናት ውስጥ ደግሞ አንድ ልጅ ከቦድሚን ሙር በሚነሳው ፎይ ወንዝ ውስጥ የነብር ራስ ቅል አገኘ። አገር ጉድ አለ። ለንደን ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መረመረው፤ እውነትም የነብር ነው፣ ግን ውስጡ የሞቃት አገር በረሮ የእንቁላል ከረጢት ተገኘበት። ከውጭ የመጣ፣ ወለል ላይ ከሚነጠፍ የነብር ቆዳ የተነቀለ ነበር።

እኔም መለኪያ እንጨት ሠራሁ። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ነጭ ቀለም ቀብቼ ከካሜራው አራት ሜትር ላይ ተከልኩት። ያወጣሁት ሁለት ፓውንድ ነው፤ ከካሜራው እኩል ጠቅሞኛል።

በአራተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መጣ። ጥቁር። ጅራቱ ረጅም፣ አረማመዱ ዝግ ያለ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ልቤ ዘለለ። እንጨቱ ባይኖር እስከ ዛሬ በማልኩላችሁ ነበር። በቀጣዩ ፎቶ እንጨቱ አጠገብ ደርሷል፤ ትከሻው ሦስተኛው ምልክት ላይ እንኳን አልደረሰም። ትልቅ ነብር የዚያን እጥፍ ያልፋል። ሌላም ምልክት አለ፦ እኛ ግስላ የምንለው ጥቁር ነብር ለዓይን ድፍን ጥቁር ቢመስልም በኢንፍራሬድ ሲነሳ ነጠብጣቡ ይወጣል። ማሌዥያ ውስጥ ተመራማሪዎች ጥቁር ነብሮችን አንዱን ከአንዱ የለዩት በዚህ ነው። የእኔው ላይ ነጠብጣብ አልነበረም።

ፎቶውን ለአባትየው አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። «እኔ ያየሁት ይህን አይደለም» አሉ። አልተከራከርኳቸውም። በ1980 ስኮትላንድ ውስጥ አንድ ገበሬ በወጥመድ እውነተኛ ፑማ፣ የአሜሪካ ትልቅ የዱር ድመት፣ ይዟል፤ ዛሬ ቆዳዋ ተሞልቶ ኢንቨርነስ ሙዚየም አለች። ሰው የለመደች ስለነበረች ማን እንዳሳደጋት እስከ ዛሬ ያነጋግራል። እስከ 1976ቱ ሕግ ድረስ እዚህ አገር እንዲህ ያለ አውሬ ያለ ፈቃድ ማሳደግ ይቻል ነበር፤ ሕጉ ሲወጣ አንዳንዶቹ ለቀዋቸዋል የሚለው ወሬም ከዚያ ነው የመጣው።

ቅሬታዬ፦ የክዳኑ ጎማ ደካማ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ውሃ ገብቶ ሌንሱ ታፈነ። የሸጠልኝ ሱቅ ኢሜይል ብልክ ብልክ ለ11 ቀን ዝም አለኝ፤ በኋላ ጎማውን ብቻ ላከ። ከስልክ ጋር የሚያገናኘው አፕም ይቆራረጣል፤ ተዉት፣ ሚሞሪ ካርዱን እያወጣችሁ እዩ። ጥራቱ ግን ለዋጋው ጥሩ ነው። ቀበሮ፣ አጋዘን፣ ፊቱ በነጭና ጥቁር የተሸነተረው ባጀር፣ ሁሉንም ጥርት አድርጎ ሰጥቶኛል። ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ።

አባትየው በጎቹ እስኪወልዱ ድረስ እዚያው ይቆይ ብለዋል። ባለፈው እሁድ ባትሪውን ቀይሬ፣ ሁለተኛ እንጨት በውሃው በኩል ተክዬ መጣሁ።