ደሴ ላይ ዘፈን ማስቀረፅ፦ ድምፁ ጥሩ፣ ውሉ ግን ይነበብ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ለማሲንቆና ለክራር ቀረፃ ይመከራል። ክፍሉ አያስተጋባም። ቀረፃው በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም ከሲዲ በላቀ የድምፅ ጥራት ነው፤ ድምፁንና እያንዳንዱን መሣሪያ በየፋይሉ ለይተው ያስረክባሉ።

ችግሩ ባለ አንድ ገፁ ውል ነው። «ሙሉ መብቱ የስቱዲዮው ነው» የምትል መስመር አለችበት። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግጥምና ዜማ የደራሲዎቻቸው ናቸው፤ ጥበቃው ምዝገባ አይጠብቅም፣ ደራሲው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይዘልቃል። የኢኮኖሚ መብት (ሥራውን የማባዛት፣ የመሸጥና ከሱ የመጠቀም መብት) ግን በጽሑፍ ይተላለፋልና እዚያች መስመር ሥር የሚያርፍ ፊርማ ቀልድ አይደለም። አሰርዟት፤ በምትኩ ምን፣ የት፣ ለስንት ዓመት እንደተፈቀደ ይጻፍ። ክራር መቺውም የራሱ ተዛማጅ መብት (ተጫዋች በአጨዋወቱ ላይ ያለው መብት) ስላለው ለብቻው ይፈርም። ይሄ ነው ሁልጊዜ የሚረሳው፤ ጠቡ ዘፈኑ ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር ይመጣል።

ባቲና አምባሰል ቅኝቶች ናቸው፣ ማንም የግሌ ሊላቸው አይችልም። በባቲ ቅኝት የተሠራ አዲስ ዜማ ግን ባለቤት አለው።

ስቱዲዮው ለተጨማሪ ክፍያ የዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ (የተመዘገበ ድምፅ በሌሎች ቪዲዮዎች ውስጥ ሲገኝ ለይቶ ለባለመብቱ የሚያሳውቅ ሥርዓት) ምዝገባም ያቀርባል። ዜማው የሕዝብ ከሆነ ይቅርባችሁ፦ ዩቲዩብ ብቸኛ መብት ይጠይቃል፤ ያለዚያ የሌላውን ሰርግ ቪዲዮ ሁሉ የእኔ ነው ማለት ይሆናል።

ከኢንተርኔት የወረደ ቢት (የተዘጋጀ የሙዚቃ ማጀቢያ) ይዞ መሄድም አያዋጣም። «ነፃ» የተባለው ብዙውን ጊዜ ለንግድ አይፈቅድም፤ የፈቃዱን ጽሑፍ ከፋይሉ ጋር አስቀምጡ።