«ሙሉ ፓኬጅ» የሚባለውን ሞዴል ታንክ ሳትከፍቱ አትክፈሉ

በቴሌግራም «ቲ-55 ሙሉ ፓኬጅ» እየተባለ የሚሸጥ ነገር አለ፤ ቲ-55 የሶቪየት ታንክ ነው። በ1/35 መጠን (ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ) ያለ ኪት፣ ማለትም ራሳችሁ የምትገጣጥሙት የፕላስቲክ ሞዴል፣ ሙጫ፣ ቀለም፣ በዚያ ላይ «የሠራችሁትን የውጭ መጽሔት ላይ እናወጣላችኋለን» የሚል ተስፋ፣ ሁሉም በአንድ ሒሳብ። ርክክቡ አያት፣ ጀሞ ወይም ቱሉ ዲምቱ መንገድ ዳር ነው። ሞተረኛው ይቸኩላል፣ ካርቶኑ በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ «መጀመሪያ ቴሌብር አድርጉ» ይላችኋል። እንዳታደርጉት።

ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። እውነተኛው ቲ-55 መድፉ ሳይቆጠር 6.45 ሜትር ይረዝማል፤ ስለዚህ በ1/35 አካሉ 18.4 ሴንቲሜትር አካባቢ መሆን አለበት። 13.4 ከሆነ 1/48 ነው፣ 9 ከሆነ ደግሞ 1/72፤ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ምንም ይበል ምን። ጎማዎቹንም እዩ፦ ቲ-55 በየጎኑ አምስት አለው፣ ሰፊው ክፍተትም ከፊት በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ነው። ክፍተቱ ወደ ኋላ ከሆነ የቲ-62 አካል ነው፤ ስድስት ጎማ ካለው ቲ-72 ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ፍሬሞቹን፣ ማለትም ክፍሎቹ ተያይዘው የሚመጡባቸውን የፕላስቲክ ማዕቀፎች፣ ከመመሪያው ጋር አመሳክሩ። እያንዳንዱ ፍሬም ፊደል አለው፤ መመሪያው ላይ አንዱ ፊደል አጠገብ «×2» ካለ ያ ፍሬም ሁለት ጊዜ መገኘት አለበት። ብዙውን ጊዜ ጎማዎቹ ያሉት እዚያ ላይ ነው። አንዱ ከጎደለ የአንድ ጎን ጎማ የለም ማለት ነው፣ ለብቻው ደግሞ እዚህ አይገኝም።

ዋናው ኪሳራ ግን ሰንሰለቱ ላይ ነው። በአሮጌ ኪቶች ውስጥ ያለው ለስላሳ ጥቁር ሰንሰለት ቪኒል ነው፤ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ዘይት መሰል ነገር ቀስ በቀስ ይወጣና የነካውን ፕላስቲክ ያቀልጣል። ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይፈጥናል። ሰንሰለቱን ከላስቲኩ አውጡና ሥሩ ያለውን ክፍል በጥፍር ዳብሱ። የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ወይም የሰንሰለቱ ጥርስ ቅርጽ ፕላስቲኩ ላይ ታትሞ ከቀረ፣ መልሱለት። «በቀለም ይሸፈናል» ቢላችሁ አትስሙት፤ ጉድጓዱ ከቀለሙ ሥር ይታያል። ሰንሰለቱንም በቀስታ እጠፉት፤ ከተሰነጠቀ አርጅቷል።

ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሞዴሉ ላይ የሚለጠፈው ስቲከር ቢጫ ከሆነ መስኮት ላይ ለጥፎ ፀሐይ ማስመታት ብዙ ጊዜ ያነጣዋል። ከተሰነጣጠቀ ግን ውሃ ውስጥ ሲገባ ይበታተናል።

ሙጫና ቀለሙ በሽቶ ጠርሙስ ተቀድቶ ከመጣ በጭራሽ ሞዴሉ ላይ አትሞክሩት። ቀለሙ በመኪና ናይትሮ ቲነር የተበረዘ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቲነር ደግሞ ሞዴሉ የተሠራበትን ፕላስቲክ፣ ፖሊስታይሪንን፣ ይበላል፤ የብሎን ራሶቹና የብየዳው መስመሮች ሟሙተው ይጠፋሉ። ከፍሬሙ ትርፍ ቁራጭ ላይ አንድ ጠብታ አድርጋችሁ ጥቂት ቆዩና በእንጨት ጫሩት። ከለሰለሰ ለመቀባት አይሆንም። ከሙጫው ጋር ሱፐር ግሉ ከሰጧችሁ መስታወት መሰል ክፍሎችን በእሱ አታጣብቁ፣ በጭስ እንደተመታ ነጭ ይሆናሉ።

ወደ መጽሔቱ እንምጣ፤ የማይረባው ተስፋ ይህ ነው። ደህና የሆቢ መጽሔት ከጸሐፊ የማሳተሚያ ገንዘብ አይጠይቅም። ወይ ይከፍላል፣ ወይ ቅጂ ይልካል፣ ካልወደደው ይመልሳል። አዘጋጁ የሚፈልገው የእናንተን ሥራ ነው፦ ከመቀባቱ በፊት የተነሱ የየደረጃው ፎቶዎች፣ በሙሉ ጥራታቸው፣ የኪቱ ቁጥር፣ የቀለሞቹ ስምና ቁጥር፣ ምን እንደቀየራችሁና ለምን። ስለዚህ «ተሠርቶ ያለቀ እንሰጣችኋለን፣ በስማችሁ ላኩት» የሚለው አማራጭ ማጭበርበር ከመሆኑም በላይ የሂደት ፎቶ ስለሌለው የትም አይደርስም። የባሰው ደግሞ ሻጩ ጽሑፋችሁንና ፎቶውን መጀመሪያ በራሱ ቻናል መለጠፉ ነው፤ ሌላ ቦታ ያልወጣ ሥራ ብቻ የሚቀበሉ መጽሔቶች ከዚያ በኋላ አይነኩትም። ፎቶዎቻችሁን ለማንም ሻጭ አትላኩ፣ በቀጥታ ለአዘጋጁ ላኩ።

«ካርቶኑ ከተከፈተ አይመለስም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሞተረኛውን ሸኙት።