አባዬ ሳሎን ውስጥ የተሰቀለችው ሃኒባል

አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር ነው። ለሳሎኑ ግድግዳ የሚሆን ነገር ስፈልግ አበባውንና ፏፏቴውን ተውኩና የድሮ ካርታ አሳተምኩለት። አሜሪካ ውስጥ ሚዙሪ ያለችው ሃኒባል ናት። አልበርት ሩገር የሚባል ሰው በ1869 እ.ኤ.አ. ነው የሳላት።

ካርታ አልኩ እንጂ ሥዕል በሉት። ከተማዋን አሞራ ከሰማይ እንደሚያያት አድርጎ ነው የሠራት። ሚሲሲፒ ወንዝ ተዘርግቷል፣ መርከቦች ጭስ ይተፋሉ፣ ቤቶቹ ኮረብታው ሥር ተኮልኩለዋል። ደራሲው ማርክ ትዌይን ልጅነቱን ያሳለፈው እዚህ ነው።

አባዬ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «ያኔ አውሮፕላን ነበር እንዴ?» ብሎ ነው። አልነበረም። ሠዓሊዎቹ በእግራቸው መንገድ ለመንገድ እየዞሩ ቤቱን ሁሉ ይነድፉና በኋላ ከላይ እንደታየ አድርገው ያገጣጥሙታል። የሚሸጠውም ለከተማው ሰው ነበር፤ ሰው የራሱን ቤት ሲያገኝ እንዴት አይገዛ? ብቻ ርቀት ልለካበት እንዳትሉ፣ ለዚያ አይሆንም።

ፋይሉ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ትልቁን አውርዱ፣ ትንሹ ሲታተም ይደበዝዛል። ፍላሽ ይዤ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ወዳለ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ልጁ «ባነር ላይ እንሥራልሽ፣ ይረክሳል» አለኝ። አቦ፣ ባነር የሰርግ ነው! የማያብለጨልጭ ወፍራም ወረቀት ላይ አሠራሁት። ኅትመቱ ላይ አፌን ሞልቼ እመሰክራለሁ፤ የቤቶቹ መስኮት አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ግን ጉድ ሠሩኝ። ፍሬሙ ውስጥ እንዲገባ ብለው ግርጌውን ቆርጠውታል! ግርጌው ላይ እኮ ሥዕሉ ላይ ያሉት ቁጥሮች መፍቻ አለ፤ የትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ የትኛው ፋብሪካ እንደሆነ። ተጨቃጭቀን በስንት ልመና ድጋሚ አተሙልኝ፣ የወረቀቱን ግን አስከፈሉኝ። ስለዚህ ሳትከፍሉ በፊት «ጠርዙን እንዳትነኩ» በሉ። መስታወቱም የድሬን ፀሐይ መልሶ ዓይን ላይ ይረጫል፤ ከመስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉት።

አባዬ አጉሊ መነጽሩን ይዞ መጀመሪያ የፈለገው ሐዲዱን ነው። ከሃኒባል ተነስቶ ሚዙሪን የሚያቋርጠው ባቡር ሥራው ያለቀው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው፤ ድሬ ባቡር ካየችበት ከ1902 በ43 ዓመት ይቀድማል። ቀጥሎ «ድልድዩስ?» አለ። ድልድዩ የተሠራው በ1871 ነው፣ ሥዕሉ ይቀድመዋል። «ይሄን ሁሉ ውሃ በጀልባ! እኛ ደግሞ ድልድይ አለን፣ ውሃው ነው የሌለን» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። በ1998 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ድሬን የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ትዝ ብሎት መሰለኝ።

የተቆረጠችውን ጎረቤታችን ለምና ወስዳ ሱቋ ውስጥ ለጥፋታለች። ደንበኛ ሲጠይቃት፣ «ድሬ ናት፣ ደቻቱ ሞልቶ በነበረ ጊዜ» ትላለች አሉ።